«ሀንገር» ባማርኛ ምን ይባላል? የአንድ ቃል ፍች ትችት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን እንግሊዝኛ የተማርነው፣ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቻችን፣ ደብተሩን በመካከሉ በመሥመር ከፍለን በግራው የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኙ ያማርኛውን ፍች በመጻፍ ነበር። በዚህ አኳኋን «ሀንገር» ረኃብ፣ «ፋሚን» ረኃብ፣ «ስታርቬሽን» ረኃብ ተብሎ በሰሌዳ ተጻፈልን፤ እኛም ገልብጠን በቃላችን ያዝነው። ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ አንድ ያማርኛ ቃል። ከጓደኞቻችንም አንዳንዶቹ ይህን የመሰለውን ዝርዝር እያዩ እንግሊዝኛ በቃል የበለጸገ፣ አማርኛ ግን ድኻ ነው ሲሉ እስከ ዛሬ ይሰማሉ።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ያ ዝርዝር የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም ከቃል ማነስ የመጣ አለመሆኑን ነው። እንግሊዝኛ በስም የሚለያየውን ነገር አማርኛ በግስና በአነጋገር ይለያየዋል፤ ስም ብቻ ለቅሞ በደብተር የሚያሰፍር ሰው ግሱን ይስተዋል። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ሰው አነጋገር ነው። ቃላቱ የዚያ አገር ብቻ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ በጎጃምም በወሎም ይሰማሉ። ነገር ግን በነዚህ ወረዳዎች ራብ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከያዛቸው ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ራበኝ» ወይም «ቸገረኝ» ማለቱ፣ ጠያቂውም ያን ቃል እንዴት ተርጕሞ በቅጽ ላይ እንዳሰፈረው፣ የእህል ጉዳይ ነው።

አስቀድመን የእንግሊዝኛውን ወገን እንመልከት። «ሀንገር» ጥንታዊ ቃል ነው፤ ጀርመኖችም እስከ ዛሬ «ሁንገር» ይሉታል። ሆድ የሚሰማውን ስሜትም፣ የብዙ ሰው እህል ማጣትንም ይይዛል። «ፋሚን» የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ፋሜስ» ነው፤ በላቲንም ቃሉ ራብ ማለት ነበር እንጂ ለአገር የተለየ አልነበረም። እንግሊዞች ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን ባገኙ ጊዜ የአገራቸውን ለሆድ፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ለአገር አደሉት። «ስታርቭ» የሚለው ግስ ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ያስገርማል። በጥንቱ እንግሊዝኛ በማናቸውም ምክንያት ቢሆን መሞት ማለት ነበር፤ የጀርመንኛው ዘመዱ «ሽቴርበን» ዛሬም መሞት ነው። እንግሊዝኛው ግን እየጠበበ ሄዶ በራብ መሞት ሆነ፤ ከዚያም ረክሶ ምሳ የዘገየበት ልጅ ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ሆነ። (በዚህስ እኛም ከሐሜት አንድንም፤ በምግብ አዳራሹ በር ተሰልፎ «ራብ ገደለኝ» የማይል ተማሪ የትኛው ነው?) «ደርዝ» የሚለው ቃል ደግሞ «ዲር» ማለትም ውድ ከሚለው የወጣ ነው፤ የእህልን መጥፋት በዋጋው መወደድ የሚጠራ ነው። አንባቢው ይህን የመጨረሻውን ቃል እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እንግዲህ እንግሊዝኛ «ሀንገር»ንና «ፋሚን»ን መለየቱ የታሪክ አጋጣሚ ነው እንጂ የነገሩ ባሕርይ ያስገደደው አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምስክር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሚገኘው የጠፋው ልጅ ምሳሌ ነው። ልጁ ገንዘቡን በጨረሰ ጊዜ ባገሩ ላይ የመጣው ነገርና በኋላ እርሱን ራሱን ሊያጠፋው የደረሰው ነገር በግሪኩ አንድ ቃል ነው፤ «ሊሞስ» ይባላል። ያማርኛውም መጽሐፍ ቅዱስ በሁለቱም ቦታ ራብ ይላል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጕም ግን የፊተኛውን «ፋሚን»፣ የኋለኛውን «ሀንገር» ብሎ ለያቸው። በዚህ ምክንያት ወንጌላዊው ቃል አጠረው የሚል ሰው እስካሁን አልሰማንም። እንዲያውም በእኛ አስተያየት አንዱ ቃል መደገሙ ለታሪኩ ይስማማዋል፤ ያገሩ ራብ ዞሮ በልጁ ሆድ እንደ ገባ ሰሚው በጆሮው ያውቃል። የእንግሊዝኛው አንባቢ ይህን አያገኝም።

ያማርኛው ራብ በግዕዙ ረኀብ ነው፤ ግሱም ርኅበ፣ በብዙኃኑ ኀ የሚጻፍ። በሐመሩ ሐ ርሕበ ተብሎ ቢጻፍ ግን ሰፋ ማለት ነው፤ ሰፊውን ቦታ መርሕብ ያሰኘው ይህ ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ አንዲቱን ፊደል ቢስት ራብን ስፋት፣ ስፋትን ራብ ያደርጋል። ባማርኛ አፍ የሁለቱ ፊደላት ድምፅ አንድ ስለ ሆነ፣ በመጨረሻም በዚህ ቃል ውስጥ ድምፁ ራሱ ስለ ተዋጠ፣ ራብ ብቻ ቀረ። በየጋዜጣው ረሃብ፣ ረሀብ፣ ረኃብ እየተባለ ሲጻፍ ይታያል፤ በገጠር የሚነገረው ግን ራብ ስለ ሆነ እኛም ይህንኑ እንከተላለን። ግዕዝ ከዚህ ሌላ ዐባር የሚል ቃል ነበረው፤ ዝናም ታጥቶ ምድር የማታበቅልበት ጊዜ ነው። ይህ ቃል በመጽሐፍ ብቻ ቀርቷል።

አሁን ወደ ግሱ እንግባ፤ የነገራችን ዋና ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። እንግሊዝ ራብን የሰው ጠባይ አድርጎ ይናገረዋል፤ ሰውዬው ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው እንደሚል ሁሉ «ሀንግሪ» ነው ይላል። ባማርኛ እንዲህ አይባልም። ራበኝ እንላለን። አድራጊው ራቡ ነው፣ እኔ ተደራጊ ነኝ፤ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አመመኝ፣ ቸገረኝ እንደሚባለው ማለት ነው። ነገሩ ከውጭ መጥቶ ይይዘኛል እንጂ የእኔ መልክ አይደለም። ለዚህም ነው ሰውን «ረኃብተኛ» ብሎ መጥራት ስድብ የሚሆነው፤ የመጣበትን ነገር ጠባዩ ያደርግበታልና።

ከዚህ ግስ ሁለት ልጆች ተወልደዋል። አንደኛው ተራበ ነው። «ልጁን ራበው» ስንል የሰዓት ነገር ነው፤ ቍራሽ እንጀራ ይመልሰዋል። «ልጁ ተራበ» ስንል ግን ነገሩ ይከብዳል፣ ይረዝማልም። አገርና ሕዝብ ሲሆን ደግሞ የሚያገለግለው ይኸኛው ብቻ ነው፤ «አገሩ ተራበ» ይባላል እንጂ «አገሩን ራበው» የሚል አማራ የለም። ጌታ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ከጾመ በኋላ የሆነውን ያማርኛው የማቴዎስ ወንጌል የሚናገረው በዚሁ ተራበ በሚለው ግስ ነው። እንግዲህ እንግሊዝኛ «ሀንገር» እና «ፋሚን» ብሎ በሁለት ስም የለየውን አማርኛ ራበው እና ተራበ ብሎ በግስ እርባታ ለይቶታል። ይህ በደብተሩ የቀኝ ዓምድ አይገባም፣ ዓምዱ የስም ነውና።

ሁለተኛው ልጅ አስራበ ነው። ይህ ግስ ያለ አድራጊ አይቆምም። «ልጆቹን አስራባቸው» የሚል ሰው ካለ «ማን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ፋሚን» ግን አድራጊ አይጠይቅም፤ እንደ ደመና በአገር ላይ ይወርዳል፣ ያልፋል። ይህን ልዩነት አንባቢው ቀላል አድርጎ እንዳይመለከተው እንለምናለን።

ስለ ተቃራኒው ቃልም ጥቂት እንበል። የራብ ተቃራኒ ጥጋብ ነው። እንግሊዝኛው የጠገበውን ሰው «ፉል» ማለትም ሙሉ ነው ሲለው በዚያ ያበቃል። ባማርኛ ግን «ጠገበ» ማለት እህል ጠገበ ብቻ አይደለም፤ ታበየ፣ ሰው ናቀ፣ ዳኛ አልፈራም ማለት ነው። የተራበ ሰው ትሑት ነው የሚል ፍች ግን የትም አልተሰጠም። አማርኛ የጠገበውን ወቀሰ፣ የተራበውን ግን አላመሰገነም፤ በዚህ ልከኛ ነው እንላለን። ምኞትንም በሚመለከት ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ፤ እንግሊዝ እውቀት ይርበዋል፣ እኛን ግን በአብዛኛው ይጠማናል። የእውቀት ጥማት፣ የፍቅር ጥማት፣ የመሬት ጥማት ይባላል። ራብ ለሆድ ተጠብቆ ቆይቷል ማለት ነው። በየመጽሔቱ «የእውቀት ረሃብ» የሚለው አነጋገር ሲበዛ የምናየው ግን ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ይመስለናል።

ከዚህ በኋላ ወደ አገሩ እንውረድ። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያ በመለስ ባለው ደጋ፣ በምሥራቅና በደቡብ ደግሞ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ በሚወርደው ቆላ ላይ የተዘረጉ ናቸው። በነፋስ መውጫ ብርድ ገብስና ድንች ያበቀለ ገበሬ ገደሉን ቢወርድ ማሽላ ከሚዘራ ዘመዱ ይደርሳል። በዚህ አገር ክረምቱ ሲገባ ጎታው ይጎድላል፤ እሸት እስኪደርስ ያለው ጊዜ፣ በተለይ ነሐሴ፣ ለብዙው ቤት አስጨናቂ ነው። ራብን የሚመለከቱ ቃላት የሚፈተኑትም ያን ጊዜ ነው።

ከነዚህ የመጀመሪያው ጠኔ ነው። መዝገበ ቃላት ጠኔን ከራብ ጋር አንድ አድርጎ ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም ይሆናል፤ ግን አንድ አይደሉም። ራብ ሆድ የሚሰማው ነው፤ ጠኔ ግን ጉልበት ሲከዳ፣ ዓይን ሲጨልም፣ ሰውነት ሲዝል የሚሆነው ነው። ራብ ይሞረሙራል፣ ጠኔ ይጥላል። «ጠኔ ያዘው» «ጠኔ ጣለው» ይባላል፤ ከገደል ወደ ገበያ የሚወጣ መንገደኛ በሶ ወይም ቆሎ የሚቋጥረው ጠኔን ፈርቶ ነው። ሀብታምም ሰው ስንቅ ረስቶ ከወጣ ጠኔ ሊይዘው ይችላል፤ ስለዚህ ጠኔ አያሳፍርም። ማታ ከማሳ የሚመለስ ጐልማሳ «ጠኔ ሊጥለኝ ነበር» ብሎ በግልጥ ሲናገር ይሰማል፤ «ተራብሁ» ብሎ ግን ለሰው አይናገርም።

ሁለተኛው ችጋር ነው። ችጋር የአንድ ሰዓት ወይም የአንድ ሰው ነገር አይደለም፤ የቤት ነው፣ ረጅምም ነው። በሬው ተሸጦ፣ ዘሩ ተበልቶ፣ ብድሩ ተጠራቅሞ ዓመት ካመት የማይለቅ እጦት ችጋር ይባላል። ሰውዬው በበዓል ቀን ሆዱን ሞልቶ ቢበላ ራቡ ይለቀዋል፣ ችጋሩ ግን በበሩ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቃሉ ከችግር ጋር የአንድ ግስ፣ የቸገረ፣ ልጅ ነው። የከተማው አማርኛ ግን ችግርን ለመኪና መሰበርም፣ ለሒሳብ ጥያቄም፣ ለስብሰባ መዘግየትም ስላዋለው ሥጋው ሁሉ አለቀ፤ በዚያም ሳቢያ ወንድሙ ችጋር ተረሳ። «ችጋራም» የሚለው ስድብ ብቻ ቀረ። ይህ መሆኑ ምን ያህል እንደ ጎዳን ከዚህ በታች እናሳያለን።

ሦስተኛው ጦም ማደር ነው። ሰው ራት ሳይበላ ሲተኛ «ጦሙን አደረ» ይባላል። በእኛ አፍ የሃይማኖቱ ጾምም ጦም ነው፤ ጸ ወደ ጠ ይዞራልና። እንግዲህ አንዱ ቃል በፈቃድ የሚደረገውንም፣ ያለ ፈቃድ የሚደርሰውንም ይዟል። እንግሊዝኛ «ፋስት» እና «ሀንገር» ብሎ በፍጹም የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ማድረጉ በመጀመሪያ ሲታይ ጕድለት ይመስላል። እኛ ግን ጨዋነት ነው እንላለን። ጦሜን አደርሁ የሚል ሰው የቤቱን ባዶነት በክብር ልብስ ሸፍኖ ተናገረ። ሰሚው ይገባዋል፣ ተናጋሪውም አይዋረድም። ነሐሴ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ይጠላለፋል፤ የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ የሚውለው ጎታ በሚጎድልበት በዚሁ ወቅት ነው። ያን ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያይ የጾመውን ካጣው መለየት አይችልም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል የድኻውና የባለጸጋው ማዕድ በመልክ ይቀራረባል።

ይኸው ግስ ለመሬትም ያገለግላል። ሳይዘራ የከረመ ማሳ «ጦም አደረ» ይባላል። በሬ ያጣ፣ ዘር ያጣ፣ ወይም ታምሞ የተኛ ገበሬ ማሳው ጦም ያድራል። ማሳ ጦም ካደረ በሚመጣው ዓመት ቤቱ ጦም ያድራል፤ ቃሉ የመንሥኤውንና የውጤቱን ሰንሰለት በራሱ ያሳያል። ይህን ያህል ነገር በሁለት ቃል የሚናገር የእንግሊዝኛ አባባል እኛ አላገኘንም።

አራተኛው ክፉ ቀን ነው። በታሪክ ይህ ስም በተለይ የሚሰጠው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ለደረሰው ታላቅ ራብ ነው። የጣሊያን ጦር ባስመጣቸው ከብቶች በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ የኢትዮጵያን ከብት በአብዛኛው ፈጀ፤ ዝናም ታጣ፣ አንበጣ መጣ፣ በጎንደር በኩልም በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ወርረው አቃጠሉ። በሬ ስላልነበረ መሬቱ ጦም አደረ። ሕዝቡ ይህን ዘመን ራብ ብሎ አልጠራውም፤ ቀኑን ራሱን ክፉ አለው። ቃሉ ከዚያም በኋላ ለጥንቃቄ ይነገራል፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ እህል፣ የክፉ ቀን ወዳጅ ይባላል።

እነዚህ አራቱ በአንድ «ረኃብ» ሥር መጨፍለቃቸው አንደኛው በደል ነው። ሁለተኛውና የባሰው ድርቅ የሚለው ቃል ነው። በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን እልቂት ዛሬ ብዙ ሰው «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ብሎ ይጠራዋል። ድርቅ ግን የሰማይና የምድር ጉዳይ ነው፤ ዝናም አለመዝነቡን ይናገራል እንጂ ሰው መሞቱን አይናገርም። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ዝናም ብቻ አልነበረም የጠፋው፤ በትግራይና በወሎ ጦርነት ነበረ፤ መንግሥትም በመስከረም ወር የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ያከብር ነበረ። ድርቅ የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ከሳሽም ተከሳሽም የለበትም። አስራበ የሚለው ግስ ግን ለዚህ ዘመን ቢውል ወዲያውኑ «ማን?» ያሰኛል። በእኛ ግምት ድርቅ የተመረጠው በቢሮ በኩል ነው፤ ሕዝቡም ከራዲዮ ሰምቶ ወሰደው።

የወሎ ነገር ይህን ያጠነክርልናል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲያልቅ ነገሩ ተሸሽጎ ነበር፤ ለዓለም ይበልጥ የታወቀው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ባነሳው ፊልም ነው፤ ፊልሙ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሲታይ በርእሱ ላይ የተጻፈው ቃል «ፋሚን» ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ የኢኮኖሚ ሊቅ ስለዚሁ ራብ ሲጽፉ በመላው አገሪቱ ያለው እህል ያን ያህል አለመቀነሱን፣ በደሴ ገበያም ዋጋው እንደሚጠበቀው አለመናሩን፣ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ እንደ ነበረ አሳዩ። የወሎ ገበሬ የሞተው እህል ስለ ጠፋ ብቻ ሳይሆን የሚገዛበት ስላጣ ነው። አንባቢው «ደርዝ» የሚለውን ቃል ያስታውሳል፤ ራብን በዋጋ መወደድ የሚያውቀው ቃል በወሎ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ራብ የለም ብሎ በተመለሰ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ለራብ መጋለጥ ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ድርቅና ራብ አንድ አለመሆናቸውን፣ ገበሬውን ለራብ ያጋለጠው ከበላዩ ያለው ሥርዓት መሆኑን አጥብቀው ተከራክረዋል። የሁለቱ ሊቃውንት መንገድ የተለያየ ቢሆንም ሁለቱም የሚጠይቁት ያንኑ ያማርኛ ግስ የሚጠይቀውን ነው።

ዛሬ ደግሞ «ፋሚን» በቍጥር የተወሰነ ቃል ሆኗል። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች በሚከተሉት ባለ አምስት ደረጃ አከፋፈል አንድ አካባቢ «ፋሚን» ደረሰበት የሚባለው ከመቶ 20 ቤተሰብ ፍጹም የምግብ እጦት ሲደርስበት፣ ከመቶ 30 ሕፃናት በብርቱ ሲከሱ፣ ከ10,000 ሰው በቀን ሁለት በራብ ወይም በራብና በበሽታ ሲሞት ነው። በዚህ መሠረት በ2011 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሶማሊያ ነገሩ ታወቀ። ያማርኛ ዜና ይህን «ረሃብ ታወጀ» ብሎ ተረጐመው። አዋጅ የንጉሥ ነው፣ በነጋሪት የሚነገር፤ ራብ የሚታወጅ ከሆነ ካልታወጀ የለም ማለት ነውን? የቆላው ሰው ይህን ሰምቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። ለቍጥሩ ያለንን አክብሮት አንሸሽግም፤ መለኪያ የሌለው እርዳታ ለጮኸ ብቻ ይደርሳልና። የምንነቅፈው ከመቶ 20 የማይሞላው ቤት ራብ የለበትም የሚያሰኘውን የቃል አጠቃቀም ነው።

አሁን ችጋር መረሳቱ ምን እንዳደረገን ለማሳየት ቃል የገባነውን እንፈጽም። የሴፍቲኔቱ መርሐ ግብር የሚረዳው በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበትን ቤት ነው። መለኪያው ሁለት ነገር ነው፤ ቤትና ርዝመት። ይህ የችጋር ፍች ነው፣ ልክ በልክ። በቅጹ ላይ የሚነበበው ግን «ሥር የሰደደ የምግብ ዋስትና እጦት» የሚል ነው፤ አምስት ቃል፣ ሁሉም ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ። ዋስትና የሚለውን ገበሬ የሚያውቀው በፍርድ ቤት ነው፤ ዋስ ጠራ፣ በዋስ ተለቀቀ ሲባል። ምግብ ዋስ የሚያሻው ለምን እንደ ሆነ በዓርብ ገበያ ለቆመ ሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። ከመርሐ ግብሩ የሚወጣው ሰው ደግሞ «ተመረቀ» ይባላል፤ ይህም ከእንግሊዝኛው «ግራጁዌት» የተወሰደ ነው። በኮሌጅ ላለነው ቃሉ ተወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ምርቃት በመጀመሪያ የሽማግሌ ቡራኬ ነው፤ እህሉ ሳይሞላለት ስሙ ከመዝገብ የተፋቀ ሰው «ተመረቅህ» ሲባል ምን እንደሚል ማሰብ አያዳግትም።

አሳባችን በሥራ ይፈተን ዘንድ አንድ ጥያቄ እንውሰድ። በ2007 እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ የወጣና በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ባለፉት አራት ሳምንታት በቤቱ ውስጥ በቂ ምግብ ባለመኖሩ ራብ ይዞት የተኛ ሰው እንደ ነበር ይጠይቃል፤ ሌላው ደግሞ በምግብ ማነስ ምክንያት በቀን የሚበላው ጊዜ ቀንሶ እንደ ነበር ይጠይቃል። ደብተሩን የያዘ ተርጓሚ የመጀመሪያውን «ተርበው ተኝተው ያውቃሉ?» ይለዋል። በስማዳ አንዲት ባልቴት እናት እንዲህ ተብለው ቢጠየቁ የሚመልሱት «እግዜር ይመስገን» ነው። ተርቤአለሁ ማለት፣ ያውም ለእንግዳ፣ ያውም ልጆች እየሰሙ፣ ቤትን ማዋረድ ነውና። ጠያቂው «የለም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ተርጓሚው አገሩን የሚያውቅ ሆኖ «ጦም ያደሩበት ሌሊት አለ?» ቢል ይሻላል፤ ነገር ግን ወሩ ነሐሴ ከሆነና «ምግብ ባለመኖሩ» የምትለዋን ሐረግ ከጣላት ሁለተኛው ጥያቄ ከፍልሰታ ጋር ይጋጫል። የጾመውም ያጣውም «አዎ፣ አንድ ጊዜ ነው የምንበላው» ይላሉ፤ በቅጹ ላይ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ።

እኛ የምንመርጠው አነጋገር ይህ ነው፤ «ባለፉት አራት ሳምንታት፣ ጾሙን ትተን፣ እህል ጠፍቶ ቤትዎ ራት ሳይበላ ያደረበት ሌሊት ነበረ?» በዚህ ውስጥ ጦም ያደረው ቤቱ ነው እንጂ እርሳቸው አይደሉም፤ ክብራቸው ይጠበቃል። ከዚህም በኋላ መልሱ «እግዜር ይመስገን» ከሆነ ጠያቂው ሳጥኑን ለመሙላት አይቸኵል። ስለ ሆድ መጠየቁን ትቶ ስለ መሬት ይጠይቅ፤ «ዘንድሮ ጦም ያደረ ማሳ አለዎት?» ይበል። መሬት ጦም ማደሩን መናገር አያሳፍርም። በሬው የተሸጠበትን ወር፣ ዘሩ የተበላበትን ሳምንት፣ የበኵር ልጃቸው ለሥራ ወደ ቆላ የወረደበትን ቀን ሳይጠየቁ ይነግሩታል።